ሲነሳ ደጋግሞ የሚጠፋ የሊኑክስ ኮምፒውተር፦ የችግሩን ምንጭ መለየትና ማስተካከል

ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ከተከፈተ በኋላ ወደ መግቢያ ገጹ ሳይደርስ ራሱን አጥፍቶ እንደገና መነሳትና ይህንኑ ያለማቋረጥ መደጋገም በመሥሪያ ቤቶችም ሆነ በግል ተጠቃሚዎች ዘንድ የሚያጋጥም ችግር ነው። ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚወሰደው ርምጃ ሥርዓተ ክወናውን እንደ አዲስ መጫን ነው። ይህ ርምጃ ግን በዲስኩ ላይ ያሉትን ሰነዶች ሊያጠፋ ይችላል። የችግሩ ምንጭ የሃርድዌር ብልሽት በሆነ ጊዜ ደግሞ ሰነዱ ጠፍቶ ኮምፒውተሩም ሳይስተካከል ይቀራል። ስለሆነም ከማንኛውም ጥገና በፊት ኮምፒውተሩ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቋረጥ መለየትና የሰነዶቹን ቅጂ ማውጣት ያስፈልጋል።

የሊኑክስ ኮምፒውተር የሚነሳው በቅብብሎሽ ነው። በመጀመሪያ በማዘርቦርዱ ላይ የሚገኘው ባዮስ፣ በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዩኢኤፍአይ፣ ራሙንና ሌሎች ክፍሎችን ይፈትሻል። ቀጥሎ ግረብ የተባለው አስነሺ ፕሮግራም የሥርዓተ ክወናውን እምብርት ማለትም ከርነሉን ወደ ራም ይጭናል። ከርነሉ ኢኒትራምኤፍኤስ በሚባል ጊዜያዊ የፋይል ጥቅል እየታገዘ ዋናውን ዲስክ ያገኛል። በመጨረሻም በአብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች ሲስተምዲ የተባለው ፕሮግራም ልዩ ልዩ አገልግሎቶችን ያስነሳል። ቅብብሎሹ የተቋረጠበት ቦታ ጥፋቱ ከየት እንደሆነ ይጠቁማል።

ሃርድዌር ወይስ ሶፍትዌር?

ቀላሉ ፈተና ኮምፒውተሩን ወደ ባዮስ ማስተካከያ ገጽ አስገብቶ ለጥቂት ደቂቃዎች መተው ነው። በዚያ ገጽ ላይ እያለም የሚጠፋ ከሆነ ሊኑክስ ገና ሥራ አልጀመረምና ሥርዓተ ክወናውን መውቀስ አይቻልም። በዚህ ጊዜ የኃይል አቅራቢውን፣ የማይሽከረከር ማቀዝቀዣ፣ በአግባቡ ያልተሰካ ወይም የተበላሸ ራም መመርመር ይገባል።

ሁለተኛውና ይበልጥ ጠቃሚው ፈተና ኮምፒውተሩን ሊኑክስ በተዘጋጀበት ፍላሽ ዲስክ ማስነሳት ነው። ለዚህም በሌላ ኮምፒውተር ላይ የኡቡንቱን ወይም የሌላ ስርጭትን የመጫኛ ፋይል በፍላሽ ማዘጋጀት ይቻላል። ሲነሳ ከሚቀርቡት ምርጫዎች መካከል መጫን የሚለውን ሳይሆን መሞከር የሚለውን መምረጥ ግዴታ ነው። በፍላሽ ተነስቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ከሠራ፣ ጥርጣሬው በዲስኩና በላዩ ላይ ባለው ሶፍትዌር ላይ ያርፋል። በፍላሽም ቢሆን የሚጠፋ ከሆነ ሃርድዌሩ ይፈተሽ። ራም በሜምቴስት የሚፈተሽ ሲሆን፣ ፈተናው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። አንድ ስህተት እንኳ ቢገኝ ራሞቹን አንድ በአንድ እያወጡ መሞከር ተገቢ ነው።

በፍላሽ የተነሳው ኮምፒውተር ከመጥፋቱ በፊት ሰነዶቹ ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ አለባቸው። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ የይለፍ ቃሉ ይጠየቃል፤ ያለ እርሱ ሰነዱን ማግኘት አይቻልም።

የተደበቀውን መልዕክት ማየት

አብዛኞቹ ስርጭቶች ሲነሱ ዓርማ ብቻ ስለሚያሳዩ የስህተቱ መልዕክት ከኋላ ተሰውሮ ይቀራል። መልዕክቱን ለማየት በቅድሚያ የግረብን ዝርዝር ማውጣት ያስፈልጋል። በኡቡንቱ ዝርዝሩ ካልታየ፣ ባዮስ ባላቸው ኮምፒውተሮች ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ፣ ዩኢኤፍአይ ባላቸው ደግሞ የአምራቹ ዓርማ እንደታየ ኢስኬፕ የሚለውን መጫን ያወጣዋል። በዝርዝሩ ላይ ኢ የሚለው የላቲን ፊደል ሲጫን የማስነሻ ትዕዛዞቹ ይታያሉ። ሊኑክስ በሚለው ቃል ከሚጀምረው መስመር ላይ «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉት ቃላት ይሰረዛሉ፤ በመስመሩ መጨረሻ «ፓኒክ» የሚለው ቃል፣ የእኩል ምልክትና 0 ያለ ክፍተት ተያይዘው በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ከዚያም ኮንትሮልና ኤክስን በአንድነት ወይም ኤፍ 10ን መጫን ኮምፒውተሩን ያስነሳዋል። ለውጡ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ስህተት ቢሠራም ጉዳት አያስከትልም።

የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው። ከርነሉ ሊቀጥል የማይችልበት ስህተት ሲገጥመው ከተወሰነ ሰከንድ በኋላ ራሱን እንደገና እንዲያስነሳ ታዝዞ ከሆነ፣ 0 ይህን ትዕዛዝ ሽሮ መልዕክቱ በማያው ላይ እንዲቆይ ያደርጋል። መልዕክቱን በስልክ ፎቶ ማንሳት ከማስታወስ ይሻላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አንዳች መልዕክት ሳይታይ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ ግን ወደ ኃይልና ወደ ሙቀት ጉዳይ መመለስ ነው።

በብዛት ከሚታዩት መልዕክቶች አንዱ ከርነሉ ዋናውን የፋይል ሥርዓት ማግኘት እንዳልቻለ የሚገልጸው ነው። ይህ በአብዛኛው ሶፍትዌር ከታደሰ በኋላ የሚከሰት ሲሆን፣ መንስኤው ቡት የተባለው የዲስክ ክፍል በአሮጌ ከርነሎች መሙላቱ ወይም እድሳቱ ሳይጠናቀቅ መብራት መጥፋቱ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ሁኔታ ኢኒትራምኤፍኤስ ሳይሟላ ይቀራል። መፍትሔው በግረብ ዝርዝር ውስጥ ተጨማሪ ምርጫዎች ከሚለው ክፍል የቀድሞውን ከርነል መርጦ ማስነሳት ነው። ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ የማያገለግሉ ከርነሎችን በጥቅል አስተዳዳሪው አማካይነት ማስወገድና ኢኒትራምኤፍኤስን እንደገና ማዘጋጀት ይቻላል። ከቡት ማህደር ፋይሎችን በእጅ መሰረዝ አይመከርም፤ ኮምፒውተሩን ያስነሳው ብቸኛ ከርነል አብሮ ሊጠፋ ይችላልና።

ማያው ወደ ሥዕላዊ ገጽ ሊሸጋገር ሲል የሚጠፋ ኮምፒውተር የግራፊክስ ድራይቨር ችግር ሊኖርበት ይችላል። በዚያው የግረብ መስመር ላይ «ኖሞድሴት» የሚለውን ቃል መጨመር ይህን ለማረጋገጥ ይረዳል።

ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ከተነሳ ያለፈው አጀማመር መዝገብ በጆርናልሲቲኤል ይነበባል፤ መዝገቡ በዲስኩ ላይ የተቀመጠ ከሆነ በፍላሽ በመነሳትም ማየት ይቻላል። እዚህ ላይ ትኩረት የሚያሻው የመጨረሻው ገጽ ነው። አገልግሎቶች በሥርዓት እየተዘጉ መሆናቸው ከተመዘገበ እንደገና እንዲነሳ ያዘዘው ሶፍትዌር ነው። መዝገቡ በሥራ መካከል እንደተቆረጠ ሆኖ ካበቃ ግን የኃይል መቋረጥ ወይም የሃርድዌር ብልሽት ይጠረጠራል።

የፋይል ሥርዓት ስህተት ከተገኘ ጥገናው የሚከናወነው ዲስኩ በሥራ ላይ ሳይሆን፣ ማለትም በፍላሽ ተነስቶ ነው። ዲስኩ ራሱ እየተበላሸ ከሆነ ጥገናው ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል ቅጂው አስቀድሞ መውጣቱ እንደገና መረጋገጥ አለበት።

ጉዳዩ ወደ ባለሙያ የሚመራ ከሆነ የመልዕክቱን ፎቶ፣ ችግሩ የጀመረበትን ቀንና ከዚያ በፊት የተደረገውን ለውጥ፣ ለምሳሌ አዲስ ራም መጨመርን ወይም የሶፍትዌር እድሳትን፣ አብሮ ማቅረብ ያስፈልጋል። ባለሙያው ዲስኩን ከመደምሰሱ በፊት የባለቤቱን ፈቃድ እንዲጠይቅ በጽሑፍ ማሳወቅ ይመከራል።