የማደሪያ መኪና ሰፈር

የማደሪያ መኪና ሰፈር (ስም)፦ አልጋ፣ ማብሰያና መጸዳጃ የተገጠመለት መኪና ለጥቂት ሌሊት የሚቆምበት ቦታ። አሜሪካኖች «አር ቪ ፓርክ» የሚሉት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ መኪና ወይም ተሳቢ የተለካ ቦታ አለው። መብራት ከምሰሶ፣ ውሃ ከቧንቧ ይቀጠልለታል፤ የመጸዳጃው ፍሳሽም በተዘጋጀለት ጉድጓድ ይወገዳል። ለተራራ ብስክሌት ወዳጆች በተለይ ወንዝ ዳር ያለው፣ ትንሹና ጸጥተኛው ይመቻል። ጠዋት ብስክሌታቸውን ከመኪናው አውርደው ወደ ጫካው ይወጣሉ፤ ማታ ተመልሰው እዚያው አብስለው እዚያው ያድራሉ።

ስሙን እንዳለ «አር ቪ ፓርክ» ብለን እንዳንወስደው «ፓርክ» ያሳስተናል። ለአዲስ አበባ ሰው ፓርክ መናፈሻ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተውና የብስክሌት መንገድ ያለው የእንጦጦ ፓርክ ነው ቶሎ የሚታወሰው። «መኖሪያ መኪና» የሚለውም አይመችም፤ ተጓዥ ያድራል እንጂ አይኖርም። ስለዚህ «ማደሪያ መኪና» ይሻላል።

«ሰፈር» ለምን? ዛሬ ሰፈር ስንል ጎረቤት፣ ሱቅና ዕድር ይታየናል። ግሡ ግን «ሰፈረ» ነው፤ ጉዞ ላይ ያለ ሰው ጓዙን አውርዶ፣ ድንኳን ተክሎ ዐረፈ ማለት ነው። የሲራራ ነጋዴ በቅሎዎቹን የሚያራግፈው ውሃና ሣር ካለበት ነበር። የንጉሥ ሠራዊትም እንዲሁ ይሰፍር ነበር። እንደ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር ያሉት የአዲስ አበባ ስሞች የመጡትም መኳንንቱ ከነተከታዮቻቸው ከሰፈሩበት ቦታ ነው። «ሰፈራ» ማለትስ? ይህ ቃል የ1977 ዓ.ም. ድርቅና ከቀዬው ተነሥቶ የሄደውን ሕዝብ ያስታውሳል፤ ለመዝናኛ ልንወስደው አይገባም።

ቃሉ ከአዲስ አበባ በላይ ላሉት ለየካና ለእንጦጦ ተራሮች ይበልጥ ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ፍልውሃ ከመውረዳቸው በፊት የሰፈሩት በእንጦጦ ተራራ ላይ ነው፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑትም እዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። ያ ሰፈር ለቤትና ለማገዶ ዛፉን ጨረሰው። ተራራውን መልሶ ያለበሰው ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ የኖሩ እናቶች ደግሞ የዚያ ታሪክ ቀጣይ ናቸው።

ውሃውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንጦጦ የውሃ መክፈያ ነው፤ በሰሜን በኩል የወረደ ዝናብ ወደ አባይ፣ በደቡብ በኩል የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። የቀበና ወንዝ ከዚሁ ተነሥቶ በየካ በኩል ከተማውን አቋርጦ ወደ አቃቂ ይወርዳል። እላይ፣ ወንዙ ዳር አንድ መኪና የደፋው ፍሳሽ ታች ልብስ የሚታጠብበትን፣ አትክልት የሚጠጣውን ውሃ ያገኘዋል። ስለዚህ በዚህ ተራራ ላይ እንዲህ ያለ ሰፈር የሚሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የፍሳሹን ጉድጓድ ይቈፍር፤ የአልጋውና የእሳቱ ነገር ከዚያ ይቀጥላል። ማገዶውንም ይዞ ይምጣ እንጂ ከጫካው አይቍረጥ።

«ሰፈር» የሚለውን ቃል የመረጥኩት ለዚህ ነው። የሰፈረ ሰው ይነሣል፤ ሲነሣም የሚተወው ነገር ይቀራል። እንጦጦ የመጀመሪያው ሰፈር ምን ጥሎ እንደሄደ ያውቃል፤ ሁለተኛው ጥሎ የሚሄደው የጎማ ዱካ ብቻ ይሁን።

አጠቃቀም፦ «ቅዳሜ ማታ ወንዝ ዳር ካለው የማደሪያ መኪና ሰፈር አድረን፣ እሑድ ጠዋት በብስክሌት ወጣን።»