ባሲዮኒም፦ መነሻ ስም

ዳላስ ካውንቲ አንድ ብርቅ እንጉዳይ ከተገኘባቸው ጥቂት የቴክሳስ ካውንቲዎች አንዱ ነው። ብርዱ ሲገባ ከሞተ የኤልም ዛፍ ጉቶ አጠገብ ጥቁር ቡናማ ሆኖ፣ ሲጋራ መስሎ ብቅ ይላል። ሲደርስ ጫፉ ተሰንጥቆ በኮከብ ቅርጽ ይዘረጋል፤ ዘሩንም ጭስ አስመስሎ ቡን ያደርገዋል። አሜሪካኖች «የሰይጣን ሲጋራ» ይሉታል። ደግነቱ «የቴክሳስ ኮከብ» የሚል ሌላ ስምም አለው፤ ቴክሳስ በ2021 (እ.ኤ.አ.) የግዛቷ እንጉዳይ አድርጋ መርጣዋለች።

ሳይንሳዊ መጠሪያው ሲጻፍ ግን ይረዝማል፦ ኮርዮአክቲስ ጂአስተር (ፔክ) ኩፕፈር ኤክስ ኤክብላድ። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ይነግረናል። የቀሩት የሰዎች ስሞች ናቸው፤ ቅንፉም ለጌጥ አልገባም።

ቻርልስ ፔክ በ1893 ከኦስቲን የተገኘውን ናሙና አይቶ ኧርኑላ ጂአስተር አለው፤ ወገኑ በእርግጥ ኧርኑላ መሆኑን ግን ራሱም ተጠራጥሮ ነበር። በ1902 ኤልሲ ኩፕፈር የተባለች ተማሪ «ይህ ለብቻው ወገን ይገባዋል» ብላ ኮርዮአክቲስን አቀረበች። ሌሎች ተቃወሟት። ስሙ በደንቡ መሠረት የጸናው ፊን-ኤጊል ኤክብላድ በ1968 ሲያወጣው ነው። «ኤክስ» የምትለዋ ቃል ሐሳቡ የኩፕፈር፣ ማጽናቱ የኤክብላድ መሆኑን ትገልጻለች። ስልሳ ስድስት ዓመት ቆይቶም ቢሆን የተማሪዋ ስም አለመቅረቱ ደስ ይላል።

ባሲዮኒም የሚባለው እንግዲህ ኧርኑላ ጂአስተር ነው። በአማርኛ «መነሻ ስም» ብንለው ይስማማል። «የቀድሞ ስም» አይበቃም፤ አንድ ፈንገስ የቀድሞ ስሞች ብዙ ሊኖሩት ይችላል፣ ዛሬ የሚጠራበት ስም የተገኘበት መነሻ ግን አንድ ነው። ልጅ ቤት ቢቀይርም ስሙን ይዞ እንደሚሄድ፣ «ጂአስተር»ም ወገኑ ሲለወጥ አብሮ ተሻገረ፤ መጀመሪያ የሰየመው ፔክም በቅንፍ ውስጥ ቀረ።

የስንዴ በሽታ የሚከታተል ባለሙያም ይኸው ገጥሞታል። የበሽታው አምጪ ፈንገስ ሴፕቶሪያ ትሪቲሲ በ2011 ዚሞሴፕቶሪያ ትሪቲሲ ተብሏል። በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት «ሴፕቶሪያ» የሚለው አጠራር ቢቀጥል አያስገርምም፤ አዲሱን ስም ብቻ የያዘ ሰው ግን የድሮውን ጥናት ሲፈልግ መነሻ ስሙን ካላወቀ ብዙ ያመልጠዋል። መረጃ ሲፈለግ ሁለቱንም መጻፍ ነው የሚያዋጣው።