በብቸናና በሞጣ የአዳኝ ገበሬ ኑሮ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቀድሞዎቹ የብቸናና የሞጣ አውራጃዎች፣ «አዳኝ» ሲባል ሥራውን ሁሉ ትቶ በዱር የሚኖር ሰው ማለት አልነበረም። አዳኙ በመጀመሪያ ገበሬ ነው፤ ርስት አለው፣ ጥማድ በሬ አለው፣ ቤትና ትዳር አለው፣ የማኅበር ጽዋ ይጠጣል። ከአደን በሚገኝ ሥጋ ብቻ መኖርስ በአገሩ አስተያየት የተናቀ ነገር ነበር። በጣና ሐይቅ ዳርቻ ጉማሬ እያደኑ ይበሉ የነበሩት ወይጦዎች፣ ምንም እንኳ በሥራቸው እጅግ የሠለጠኑ ቢሆኑ፣ የጎረቤቶቻቸው ክርስቲያኖች በአንድ ማዕድ ሳይቀበሏቸው ኖረዋል። ስለዚህ አንድ ሥራ ለአንዱ ውርደት ለሌላው ክብር ሆኖ የቆየበትን ምክንያት ለመረዳት፣ የአደኑን ታሪክ ከእርሻው፣ ከቤተ ሰቡና ከባልንጀርነቱ ጋራ አያይዞ መመልከት ያስፈልጋል።

አገሩና ወራቱ

የብቸናና የሞጣ ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቈረቈሩ ናቸው። በአቅራቢያቸው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጮቄ ተራራ አለ፤ ከዚያ የሚነሡት ሙጋና ሱሃን የመሳሰሉት ወንዞች ምድሩን እየሸነሸኑ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ዓባይም አገሩን በሰሜን፣ በምሥራቅና በደቡብ ከቦ ይዞራል። ከደጋው አፋፍ እስከ ወንዙ ያለው ቍልቍለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ማለዳ ከገብስ ማሳ ተነሥቶ በዚያው ቀን በረሓ ሊገባ ይችላል። አዳኙን የፈጠረው ይህ የደጋና የቆላ መቀራረብ ነው።

አደኑ ግን በየወሩ አይደለም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዘመነ ክረምት ነው፤ ወንዞች ይሞላሉ፣ ገበሬው ከሞፈርና ከቀንበር አይለይም። መስከረምና ጥቅምት እሸት የሚጠበቅበት ነው፤ ቆላውም በዚህ ጊዜ ንዳድ የበዛበት ስለሆነ ደገኛው አይደፍረውም። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ፣ ቀጥሎም ውቂያ አለ። እህሉ ጐተራ ከገባ፣ ጥምቀትም ከዋለ በኋላ፣ ሣሩ ደርቆ መንገዱ ሲገለጥ ነው አዳኙ ወደ ቆላ የሚወርደው። ይህም ጊዜ ረጅም አይደለም፤ የሃምሳ አምስት ቀኑ ዓቢይ ጾም ከገባ ለሥጋ ተብሎ የሚደረግ አደን ትርጕም የለውም።

ማሳውና አውሬው

ገበሬው ርስቱ በአንድ ስፍራ የተሰበሰበ አልነበረም። ከአባቱም ከእናቱም ወገን ድርሻ ስለሚወርስ፣ አንዱ ማሳ ከቤቱ አጠገብ፣ አንዱ በሜዳው፣ አንዱ ደግሞ በገደሉ አፋፍ ይሆናል። በደጅ ያለው ጓሮ በፍግና በአመድ የዳበረ ሲሆን ጎመን፣ ጌሾ፣ በቆሎ ይበቅልበታል፤ ጠባቂዋም ሴቲቱ ናት። በሜዳው ጤፍና ስንዴ ይዘራል። የገደሉ አፋፍ ማሳ ግን የክርክር መሬት ነው፤ ክርክሩም ከሰው ጋራ ሳይሆን ከአውሬ ጋራ ነው። ዝንጀሮ በቀን በመንጋ ይወጣል፤ ከርከሮና ጃርት በሌሊት ይቈፍራሉ፤ ባቄላውና ሽምብራው ሲለመልም ድኩላና ሚዳቋ ከዱሩ ወጥተው ይግጣሉ።

አደን የሚጀመረውም ከዚሁ ማሳ ዳር ነው። ትንሹ ልጅ ማማ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍና በጩኸት ዝንጀሮ ያባርራል። ከፍ ሲል ከአባቱ ጋራ በሌሊት እሳት አንድዶ ያድራል፤ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የኮቴውን ዱካ፣ ዝም ብሎ መጠበቅን በዚያ ይማራል። ጦር መያዝ ከወንጭፉ በኋላ፣ ጠመንጃ መያዝ ከሁሉ በኋላ ይመጣል። በዚህ ዓይነት ማሳው ለአውሬው ማዕድ፣ ለአዳኙም የማድፊያ ስፍራ ይሆናል።

ከተገደለው አውሬ የሚበላው ጥቂቱ ነው። ከርከሮ ሰኰናው የተሰነጠቀ ቢሆንም ስለማያመሰኳ ርኩስ ነው፤ ጥንቸልም አይበላም። ዝንጀሮና ጃርት የሚገደሉት ለእህሉ ሲባል ብቻ ነው። ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ሳሳና ጎሽ ይበላሉ፤ ነገር ግን አዳኙ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በስመ ሥላሴ ካልባረከው በቀር ሥጋው እንደ በክት ይቈጠራል። ስለዚህም ጥሩ ተኳሽ መሆን ብቻ አይበቃም፤ ፈጣን ሯጭም መሆን ያስፈልጋል። ረቡዕና ዓርብ ሲጨመር፣ የአዳኝ ቤት ከሌላው ገበሬ ቤት ይልቅ ሥጋ የበዛበት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ቤተ ሰቡ

በሰማኒያ የተጋቡ ባልና ሚስት ሀብታቸው የጋራ ነው፤ ሴቲቱም ከወላጆቿ የወረሰችው የራስዋ ርስት ሊኖራት ይችላል። ስለዚህ ባል ወደ ቆላ ሲወርድ በቤቱ ላይ የምትቀረው ባለ ድርሻ እንጂ ጠባቂ ብቻ አይደለችም። ስንቁንም የምታዘጋጀው እርስዋ ናት፤ ገብሱን ቆልታ በሶ ትፈጫለች፣ እንጀራውን አድርቃ ድርቆሽ ታደርጋለች፣ ቆሎና በርበሬ በስልቻ ትቋጥራለች። የስንቁ ልክ የአደኑ ልክ ነው፤ በሶው ካለቀ አዳኙ ይመለሳል።

የቤተ ሰቡ ፍርሃት አውሬው ብቻ አልነበረም። በጎጃም ሞፈር የሚይዝ ወንድ ነው፤ አዳኙ በቆላ ንዳድ ታሞ ቢመለስ፣ ወይም ጎሽ ቢጥለው፣ የሚመጣው ክረምት ማሳው ጦም ያድራል። ያን ጊዜ መበለቲቱ መሬቱን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ከምርቱም ግማሹ ይሄዳል። የባል ዘመዶች የርስት ክርክር ሊያነሡም ይችላሉ። ስለዚህ «አትሂድ» የምትል ሚስት የምትከራከረው ስለ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ስለ ልጆችዋ እንጀራ ነበር።

ባልንጀሮቹ

ከዚህ አደጋ ቤቱን የሚታደገው ባልንጀርነት ነው። በወንፈል አብረው የሚያርሱ፣ በደቦ አብረው የሚያጭዱ፣ በአንድ ማኅበር የሚጠጡ፣ ልጅ ክርስትና ተነሥቶ አበልጅ የሆኑ ሰዎች ናቸው አብረው ለአደን የሚወርዱት። በቆላ የታመመውን የሚሸከም፣ የሞተውን ለአገሩ መሬት የሚያበቃ፣ የቀረበትን እርሻ የሚያርስለት ከእነዚሁ መካከል ነው። ሰው ለአደን ጓደኛ ሲመርጥ «ጥሩ ተኳሽ ነውን?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ በወንፈል ቀኑን የሚያስታጕል ሰው በገደል ውስጥም አይታመንም።

ክርክር የሚነሣው በግዳይ ላይ ነው። በቀደመው ልማድ ግዳዩ መጀመሪያ ደም ላፈሰሰው ይሰጣል፤ በኋላ የጣለው ሰው ረዳት ይባላል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲተኵሱ ግን ጉዳዩ ለሽማግሌ ይቀርባል፤ ምስክር ይቈጠራል፣ መሐላም ይደረጋል። ሥጋው ለሁሉም ይከፋፈላል፤ ስም ግን አይከፈልም።

ግዳይና ስም

ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ ገድሎ የተመለሰ ሰው በእልልታ ይቀበሉታል፤ ራሱን ቅቤ ይቀቡታል፤ እንደ ግዳዩም የጆሮ ሎቲ ያደርጋል። በሠርግና በግብር ተነሥቶ ሲፎክር ገዳይነቱን ከነአባቱ ስም ይቈጥራል። በሞተም ጊዜ ጋሻውና ጠመንጃው በልቅሶው ሜዳ ይታያሉ፤ አልቃሿም ግዳዩን በሙሾ ታነሣለች። በደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ዘመን በጎጃም የኖረውና እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ የጕዞ ታሪኩን ያሳተመው ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲ የዘመኑን የጦረኛና የመኳንንት ኑሮ በሰፊው ጽፏል። ለመኳንንት አደን የሥልጣን ጌጥ ነበር፤ ለተራው ገበሬ ግን ከባላባት እኩል ቆሞ የሚያናግር ስም የሚገኝበት አንድ መንገድ ነበር። ከወይጦው አደን የሚለየውም በዚህ ነው፤ ወይጦው ለመብላት ያድናል፣ ገበሬው ለመሰማት።

ጠመንጃና ርስት

ከዐድዋ ጦርነት ወዲህ ጠመንጃ በአገሩ እየበዛ ሄደ። ውጅግራና ምኒሽር በገበሬው ቤት ታዩ፤ ጥይትም በአንዳንድ ስፍራ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ጀመር። ከዚህ በኋላ ጦርና ፈረስ ከአደን እየራቁ ሄዱ፤ አውሬውም ወደ ቆላው ጥግ ሸሸ። ጠመንጃው ግን ለአደን ብቻ አልቀረም፤ የቤቱ ባለ ርስትነት ምልክት ሆነ።

ይህ ነገር በሁለት ጊዜያት በግልጥ ታየ። ኢጣልያ ጎጃምን ከያዘ በኋላ ሕዝቡን ትጥቅ ለማስፈታት መነሣቱ በ1930 ዓ.ም. አገሩን ለዐመፅ ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ነበር። በብቸና በኩል በላይ ዘለቀ የመራቸው አርበኞች የዓባይን ገደልና መሻገሪያ እንደ ቤታቸው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ የአዳኝ ዕውቀት የጦር ዕውቀት ሆነ። በላይም ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ጋራ ተጣልቶ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ።

ሁለተኛው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ነው። የብቸና፣ የሞጣና የደብረ ማርቆስ ገበሬዎች የማሳቸው መገመት የርስታቸው መወሰድ መጀመሪያ ነው ብለው ተነሡ። በደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ አገረ ገዢነት ጊዜ ጠመንጃ ለማስመዝገብ የሚጠየቀው ክፍያም ከቅሬታዎቹ አንዱ ነበር። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ ነገር ግን በመጨረሻ አገረ ገዢውን አነሣ፣ ግብሩም በአገሩ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ሹሙ ጠመንጃውንና ማሳውን በሁለት መዝገብ ሊጽፋቸው ፈለገ፤ በገበሬው ቤት ግን አንድ ነገር ነበሩ። በማማ ላይ ሳለ ወንጭፍ የተሰጠው ልጅ፣ እህሉን የሚጠብቅበት መሣሪያ እህሉን ከሚያበቅል መሬት ተለይቶ እንደማይታይ ከሕፃንነቱ ተምሯል።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት አስቀረ። እርሻውም በጮቄ ወገብ ላይና በገደሉ አፋፍ እየገፋ ሄደ፤ ዱሩ ሲመነጠር ግዳይ የሚያስጥለው ትልቅ አውሬ ከደጋው አካባቢ ጠፋ፤ አደንም በመንግሥት ፈቃድ የሚወሰን ሥራ ሆነ። ዝንጀሮና ጃርት ግን እንደ ቀድሞው ከገደሉ ይወጣሉ፤ እሸት ሲደርስም ልጆች ወንጭፋቸውን ይዘው ማሳ ዳር ይውላሉ።