ነጻ የሚባለው ተጫዋች

በአሜሪካ ፉትቦል ወዳጆች ዘንድ “ፍሪ ኤጀንት” የሚባል ቃል አለ። ለእውነተኛው ተጫዋች፣ ውሉ አልቆ በፈለገው ቡድን ሊቀጠር የሚችል ሰው ማለት ነው። “ፋንታሲ ፉትቦል” በሚባለው ጨዋታ ግን ማንም ያልመረጠው፣ ባለቤት ያጣ ስም ማለት ነው። አንዱ ቃል በአንድ ወገን ብዙዎች የታገሉለት መብት፣ በሌላ ወገን የተዘነጋ ሰው መጠሪያ ሆኖ ይኖራል። ይህን ጨዋታ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስጫወት ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በየማክሰኞው ማታ ባለቤት ያጡትን ስሞች ሳገላብጥ፣ የሁለቱ ፍቺዎች ታሪክ የት ላይ እንደሚገናኝ ማሰብ ልማድ ሆነብኝ። እነሆ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 12 ሰዎች አንድ ሊግ ያቋቁማሉ። የውድድሩ ዘመን ከመጀመሩ በፊት ተሰብስበው፣ በብሔራዊው የፉትቦል ሊግ፣ በኤን ኤፍ ኤል፣ ከሚጫወቱት መካከል በየተራ እየመረጡ የየራሳቸውን ቡድን ያዋቅራሉ። ተጫዋቹ በሜዳ ላይ የሠራው ሁሉ፣ የሮጠው ያርድና ያስቆጠረው ታችዳውን፣ ወደ ነጥብ እየተለወጠ ለመራጩ ይታሰብለታል። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ላይ የሚጫወቱት ፋንታሲ የዚህ ዘመድ ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አላቸው። በእንግሊዙ አንዱን አጥቂ ሚሊዮን ሰው ሊይዘው ይችላል። በአሜሪካኑ በአንድ ሊግ ውስጥ አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ የያዝኩትን ሌላው አይይዘውም። ያልተያዙት ስሞች በዘመኑ አጋማሽ ይህን ያህል የሚፈለጉትም ስለዚህ ነው።

ጨዋታው የተፀነሰው በ1962 መጸው ነው። የኦክላንድ ሬይደርስ ቡድን ለግጥሚያ ወደ ምሥራቁ ጠረፍ ተጉዞ ነበር። ቡድኑ በዚያ ዓመት 13 ጨዋታዎችን ተከታትሎ ተሸንፎ 14ኛውንና የመጨረሻውን ብቻ ያሸነፈ ምስኪን ቡድን ነው። ከባለድርሻዎቹ አንዱ የነበረው ቢል ዊንከንባክ፣ የቡድኑ የሕዝብ ግንኙነት ሰው ቢል ተነልና የኦክላንድ ትሪቢዩን ጋዜጠኛው ስኮቲ ስተርሊንግ በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ ሆቴል ተቀምጠው የጨዋታውን ደንብ ነደፉ። ዘወትር ሲሸነፍ የሚያየው ቡድን ያለው ሰው፣ በምናቡ ሌላ ቡድን ቢያቆም አይፈረድበትም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1963 ኦገስት፣ 8 ቡድኖች ያሉት የመጀመሪያው ሊግ በዊንከንባክ ቤት ምርጫውን አካሄደ። በአንደኛነት የተጠራው ስም የሂዩስተኑ ጆርጅ ብላንዳ ነበር። በ1969 ደግሞ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው አንዲ ሙሳሊማስ ጨዋታውን ኪንግስ ኤክስ ወደተባለው የኦክላንድ መጠጥ ቤቱ ወሰደው፤ ከጥቂት ወዳጆች እጅም ወጥቶ ወደ ሕዝብ ደረሰ።

ያ የ1963 ዓመት በሌላም ነገር ይታወቃል። በዚያው ዓመት የኤን ኤፍ ኤል ኮሚሽነር ፒት ሮዘል በስሙ የተጠራውን ደንብ አወጣ። ደንቡ እንዲህ ይላል። ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ወደ ሌላ ቡድን ቢሄድ፣ ተቀባዩ ቡድን ለቀድሞው ካሣ ይክፈል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ካሣውን ኮሚሽነሩ ራሱ ይወስናል፤ ካሣውም ሌላ ተጫዋች ወይም የወደፊት ምርጫ ሊሆን ይችላል። ምን እንደሚያስከፍለው የማያውቅ ቡድን ደግሞ የሰውን ተጫዋች ለመቅጠር አይደፍርም። ስለዚህ ውል ያለቀለት ሰው በወረቀት ነጻ፣ በተግባር እስረኛ ሆነ። በኦክላንድ አንድ ቤት ውስጥ 8 ሰዎች የተጫዋቾችን ስም በጨዋታ ሲከፋፈሉ፣ እውነተኞቹ ባለቤቶች ያንኑ በሕግ ያደርጉት ነበር።

ትግሉ የጀመረው በዚሁ ስፖርት ብቻ አይደለም። በቤዝቦል ከርት ፍለድ የተባለው ጥቁር ተጫዋች በ1969 መጨረሻ፣ ሳልጠየቅ ወደ ሌላ ከተማ አልሸጥም ብሎ ተነሣ። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ3 በሆነ ድምፅ ፈረደበት። እሱ ቢሸነፍም በሩን ለሌሎች ገፋ አድርጎ ሄደ። በፉትቦል ደግሞ የባልቲሞሩ ጆን ማኪ፣ የተጫዋቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው፣ የሮዘልን ደንብ በፍርድ ቤት ተሟግቶ በ1976 በይግባኝም አሸነፈ። ድሉ ግን ብዙ አልቆየም፤ በ1977 በተደረገው ስምምነት ማኅበሩ ለሌላ ጥቅም ሲል ሌላ ዓይነት የካሣ ሥርዓት ተቀበለ። እውነተኛው ነጻነት የመጣው በ1992 ፍሪማን ማክኒል በሚኒያፖሊስ ከተማ በዳኞች ፊት ከረታ በኋላ ነው። ሬጂ ዋይት በስሙ የቀረበው ክስ በስምምነት ሲያልቅ፣ በ1993 የተጫዋቾች ገበያ ተከፈተ። ዋይት ራሱም በዚያው ዓመት ፊላደልፊያን ለቆ ለ4 ዓመት በ17 ሚሊዮን ዶላር ለግሪን ቤይ ፈረመ። ከ1963 እስከ 1993 ልክ 30 ዓመት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍቺ ልመለስ። ይህኛው “ነጻ” የሚፈልገው ያጣው ነው። የዚህ ወገን ታላቁ ምሳሌ ከርት ዋርነር ይመስለኛል። በ1994 ምርጫ ማንም አልጠራውም። ግሪን ቤይ ለሙከራ ወስዶ አሰናበተው። በአዮዋ ክፍለ ግዛት በአንድ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ሌሊት ሌሊት መደርደሪያ ላይ ዕቃ ይደረድር ነበር። ከዚያ በቤት ውስጥ በሚደረገው የፉትቦል ሊግ፣ ቀጥሎም በአምስተርዳም ተጫውቶ ወደ ሴንት ሉዊስ ቡድን ገባ። በ1999 ኦገስት የቡድኑ ዋና ኳርተርባክ ትሬንት ግሪን በዝግጅት ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ተራው የዋርነር ሆነ። በዚያ ዘመን 41 የታችዳውን ኳሶችና 4,353 ያርድ አቀበለ፣ የዓመቱ ኮከብ ተባለ፣ በ2000 ጃንዋሪም ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። ስሙን ከተጣሉት ዝርዝር ያነሣ የፋንታሲ ተጫዋች ያለ ዋጋ ወርቅ አገኘ ማለት ነው።

ሌላው የምወደው ታሪክ የሳምኮን ጋዶ ነው። ናይጄሪያ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ፣ እሱም ያልተመረጠ ሯጭ ነበር። በ2005 የግሪን ቤይ ሯጮች ተከታትለው ሲጎዱ ከልምምድ ቡድኑ ተጠርቶ ወጣ። በኖቬምበር በአትላንታ ላይ 103 ያርድ ሮጦ በጨዋታው 3 ጊዜ አስቆጠረ፤ በዲሴምበር በዲትሮይት ላይ 171 ያርድ ሮጠ። በዚያ መጸው ስንቱ የፋንታሲ ቡድን በዚህ ባልታወቀ ስም ተስፋው እንደለመለመ መገመት ይቻላል። ዓመቱ ሳያልቅ ግን እሱም በተራው ጉልበቱን ተጎዳ። ኋላ ሕክምና ተምሮ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሆነ።

ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ሰው ላይ የተገናኙበትም ጊዜ አለ። ሲ ጄ አንደርሰን በ2018 ከካሮላይና ተሰናበተ፤ ኦክላንድም ጥቂት ቀን አቆይቶ ለቀቀው። ሎስ አንጀለስ ራምስ ገና ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቀጠረው፤ ምክንያቱም የኮከባቸው የቶድ ገርሊ ጉልበት አስግቷቸው ነበር። ዲሴምበር 23 ቀን፣ አብዛኛው የፋንታሲ ሊግ የፍጻሜ ጨዋታውን በሚያደርግበት እሑድ፣ ይህ ሥራ ፈት የነበረ ሰው 167 ያርድ ሮጠ። በሚቀጥለው ሳምንት 132 ጨመረ።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው አስቀድሞ እንዴት መለየት ይቻላል? በኛ ሊግ እያንዳንዱ ተጫዋች ለዓመቱ 100 የምናብ ዶላር ይሰጠዋል። ማክሰኞ ማታ ሁሉም የፈለገውን ስምና ዋጋ በስውር ያስገባል፤ ረቡዕ ማለዳ ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠው ይወስዳል። ሌሎች ሊጎች ቅድሚያውን በደረጃ ለወደቀው ይሰጣሉ። ዋናው ጥያቄ ያው ነው። ያለፈው እሑድ ነጥብ ብዙ ጊዜ አሳሳች ነው። አንዱ ሯጭ ኳሷን 4 ጊዜ ብቻ ይዞ 2 ታችዳውን ያገባል፤ ሌላው 18 ጊዜ ይዞ 60 ያርድ ሮጦ ሳያስቆጥር ይወጣል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ማስቆጠር በዕድል ይመጣል፣ በዕድልም ይቀራል፤ አሠልጣኙ ኳሷን 18 ጊዜ በእጁ ማኖሩ ግን የመተማመን ምስክር ነው። ስለዚህ የማነበው የተሠጠውን ሥራ ነው። ስንት ጊዜ ሜዳ ገባ? ስንት ኳስ ተወረወረለት? ከፊቱ ያለው ሰው መቼ ይመለሳል? ቡድኑ የዕረፍት ሳምንቱን አልፏል? የፋንታሲው ፍጻሜ በሚደረግበት በ15ኛው፣ በ16ኛውና በ17ኛው ሳምንት የሚገጥመው ማንን ነው? ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ ቆጣቢ አይደለሁም። በ5ኛው ሳምንት የተገኘ ሯጭ ለቀሩት ሳምንታት ሁሉ ያገለግላል፤ በ14ኛው ሳምንት የተረፈ ዶላር ግን ምንም አይገዛም።

ይህ ሁሉ ስሌት በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ እሱን ዘልሎ ማለፍ አይሆንልኝም። “ከፊቱ ያለው ሰው መቼ ይመለሳል?” ብዬ ስጠይቅ፣ ከፊቱ ያለው ሰው ወድቋል ማለት ነው። ለዋርነር በሩ የተከፈተው በትሬንት ግሪን ጉልበት ነው፤ ለአንደርሰን በገርሊ ጉልበት። የማክሰኞ ማታ ገበያ የእሑድ ቁስል ገበያ ነው። በ2017 ኦገስት ኢ ኤስ ፒ ኤን የተባለው ጣቢያ የፋንታሲ ጨረታ ለማሳየት ብሎ፣ በአብዛኛው ነጮች በተሰበሰቡበት መድረክ ላይ በጥቁሩ ኮከብ በኦዴል ቤካም ጁኒየር ስም ሲጫረቱ አሳየ። ብዙ ተመልካች ያየው የባሪያ ገበያን ነበር፤ ጣቢያውም ይቅርታ ጠየቀ። ደንቡን ለነደፉት ቀልድ የነበረው “ባለቤት” የሚለው ቃል፣ በዚህች አገር ታሪክ ውስጥ ቀልድ ሆኖ እንደማያውቅ ያን ቀን ታየ።

በ2023 ጃንዋሪ 2 ሰኞ ማታ የሆነውም አይረሳኝም። ብዙ ሊጎች የፍጻሜ ውጤታቸውን ከቡፋሎና ከሲንሲናቲ ጨዋታ ይጠብቁ ነበር። ደማር ሃምሊን አንዱን ተጫዋች ጥሎ ተነሣ፣ ወዲያው ልቡ ቆሞ ወደቀ። ሐኪሞች ሜዳው ላይ ሕይወቱን አተረፉ፤ ጨዋታው ቆመ፣ ኋላም ጭራሹን ተሰረዘ። በብዙ ሊግ ዋንጫው ያለ አሸናፊ ቀረ ወይም ለሁለት ተካፈለ። በምናቡ ቡድን ባለቤት የነበረው ሕዝብ፣ ሃምሊን ለሕፃናት መጫወቻ መግዣ ወደከፈተው መዋጮ ገንዘብ ጎረፈ፤ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ሃምሊን ድኖ በዚያው ዓመት መጸው ወደ ሜዳ ተመለሰ።

ስለ ጆን ማኪ አንድ ነገር ሳልጨምር ብዘጋ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። የተጫዋቾችን ነጻነት በፍርድ ቤት የሞገተው ይህ ሰው በኋለኛ ዘመኑ አእምሮው ደከመ፤ የራሱን ታሪክ ረሳ። በ2007 ሊጉና ማኅበሩ የመርሳት ሕመም ላለባቸው የቀድሞ ተጫዋቾች ማስታመሚያ የሚውል ዕርዳታ ሲያቋቁሙ፣ በማልያው ቁጥር “88 ፕላን” ብለው ሰየሙት። ማኪ በ2011 አረፈ። ነጻነቱን ለሌሎች አስገኝቷል፤ የጨዋታው ዕዳ ግን ከራሱ ላይ አልወረደም።

ጨዋታውን ለመተው አላሰብኩም። ባልደረቦቼን እወዳቸዋለሁ፤ በየሳምንቱ ሌላው ያላየውን ሰው ቀድሞ ማየት የሚሰጠውንም ደስታ አልክድም። ግን አንድ ልማድ አበጅቻለሁ። ዋጋ ከማስገባቴ በፊት የሁለት ሰዎችን ታሪክ አነባለሁ፤ የማነሣውን ሰውና ወድቆ ቦታውን የለቀቀለትን። የት ተወለደ፣ ማን አሰናበተው፣ ምን ሠርቶ አደረ? ይህ ነጥብ አይጨምርልኝም። የያዝኩት ስም የሰው ስም መሆኑን ግን ያስታውሰኛል፤ ነጻ የሚለውም ቃል 30 ዓመት የተከፈለበት መሆኑን።