ሐርላ፤ በፍርስራሽ ዳር ያለች መንደር



ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ በሐረር በር የሚወጣ መንገደኛ ሐረማያንና ደንገጎን አልፎ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ሐርላ የምትባለውን መንደር ሳያያት ያልፋል። እኔም ብዙ ጊዜ አልፌያታለሁ። ነዋሪዎቿ ኦሮሞ ገበሬዎች ናቸው። በእርሻቸው መካከል ግን የአንድ ታላቅ ከተማ ግንብ፣ መስጊድና የመቃብር ስፍራ ፈርሶ ይገኛል።

ገበሬዎቹ የድንጋዩን ግዝፈት አይተው፣ ይህን የሠሩ ግዙፋን ሰዎች ነበሩ ብለው ሲያወሩ ኖረዋል። ሐርላዎች በሀብታቸው ስለ ታበዩ ከፈጣሪ ዘንድ ረሃብ ወረደባቸው የሚል ታሪክም አለ። በ1920ዎቹ አባ አዛይስ የተባሉ ፈረንሳዊ መነኩሴ ስፍራውን መረመሩ። ከ2015 ጀምሮ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የእንግሊዝ አገሩ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ቆፈሩ። የተገኘው ነገር የሚያስደንቅ ነው፤ የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ፣ የጌጥ ሠራተኞች መሥሪያ ቤት፣ የቻይና ሸክላ፣ የግብፅ ገንዘብ፣ ከማልዲቭ ደሴቶች የመጣ ዛጎል። ከተማዪቱ ከ6ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ሰው ኖሮባታል። ከመቃብሩ የወጣው ዐፅም ግን እንደ እኛው ያለ ሰው ዐፅም ነው። መንደርተኞቹ ይህን ሲሰሙ ፈጥነው አላመኑም፤ አልፈርድባቸውም።

በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር፣ ሪቮ የምትባል ትንሽ መንደር እንዲሁ በፈረሰ ገዳም ዳር ትገኛለች። መነኮሳት ገዳሙን በ1132 መሠረቱት፤ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1538 ዘጋው። የጣሪያው እርሳስ ተገፍፎ ተወሰደ፤ መንደርተኛውም በድንጋዩ ቤት ሠራበት። የቀረውን ፍርስራሽ መንግሥት በ1917 በጥበቃው ሥር አደረገው። በእኛ አገርም ቢሆን የሐርላ ገበሬ ካባቶቹ ጀምሮ ከፍርስራሹ ድንጋይ እያነሣ ቤትና እርከን ሠርቷል፤ ድኻ ሰው በደጁ የተጠረበ ድንጋይ እያለ ሩቅ ሄዶ ለምን ይፈልጋል?

ነገር ግን በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የሪቮ አበምኔት ኤልሬድ የጻፋቸው መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይነበባሉ፤ ድንጋዩ ቢጠፋ እንኳ የመነኮሳቱ ኑሮ ይታወቃል። የሐርላ ነጋዴዎችና አንጥረኞች የጻፉት የታሪክ መጽሐፍ ግን አልተገኘም። ስለ እነርሱ የሚመሰክረው አፈሩና ድንጋዩ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ከቦታው በተነሣ ቁጥር ምስክርነቱ ይጐድላል።

ሐርላ ባዶዋን ከቀረች ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1520፣ ሱልጣን አቡ በክር መንበሩን ከደከር ወደ ሐረር አዛወረ። የሩቅ አገር ንግድም በጀጎል በሮች ይገባ ጀመር። በሐርላ ግን ገበሬው ማሳውን ባረሰ ጊዜ ማረሻው አልፎ አልፎ የቻይና ገንዘብ ያወጣ ነበር።