የታጣፊ ምላጭ ስለት አያያዝ፦ መሳያ ድንጋይና መሳያ ቆዳ

ታጣፊ ምላጭ እንደ ሰንጢ ወደ እጀታው የሚታጠፍ፣ ቀጥ ያለ ረጅም ስለት ያለው የጺም መላጫ ነው። ሲዶለዱም አይጣልም፤ ይሳላል። ለዚህም ሁለት ዕቃዎች ያስፈልጉታል፤ አንዱ መሳያ ድንጋይ፣ ሌላው መሳያ ቆዳ። ድንጋዩ ብረቱን ፍቆ ስለት ያወጣል፤ ቆዳው የወጣውን ስለት ያቃናል፣ ያለሰልሳል። አዘውትሮ የሚላጭ ሰው ድንጋዩን በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ ቆዳውን ግን ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ይጠቀምበታል።

የምላጩ ቅርጽ

ምላጩ በአብዛኛው ካርቦን ከበዛበት ጠንካራ ብረት ይሠራል። ስፋቱ የሚለካው በስምንተኛ ኢንች ሲሆን፣ የተለመዱት አምስት ስምንተኛ (16 ሚሊ ሜትር ገደማ) እና ስድስት ስምንተኛ (19 ሚሊ ሜትር ገደማ) ናቸው። ጀርባው ወፍራም፣ ስለቱ ስስ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ጎን በአብዛኞቹ ምላጮች ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። ስለዚህ ምላጩ ለጥ ባለ ድንጋይ ላይ ሲጋደም ድንጋዩን የሚነኩት ጀርባውና ስለቱ ብቻ ናቸው።

ይህ አሠራር የመሳሉን ሥራ ከቢላዋ ይለየዋል። ቢላዋ የሚስል ሰው ማዕዘኑን የሚጠብቀው በእጁ ነው፤ በምላጭ ግን ማዕዘኑን የሚወስነው ጀርባው ነው። ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ የጀርባው ውፍረት 4.6 ሚሊ ሜትር የሆነ ምላጭ 16.5 ዲግሪ ገደማ የሆነ ስለት ይኖረዋል። ጀርባው ከስለቱ ጋር አብሮ ስለሚበላ ማዕዘኑ ለረጅም ዘመን ብዙም አይለወጥም። ጀርባው እንዳይጎዳ ናስትሮ ለጥፈው የሚስሉም አሉ፤ ናስትሮው ማዕዘኑን በትንሹ ስለሚያሰፋ፣ በዚህ መንገድ የተሳለ ምላጭ በሚቀጥለውም ጊዜ ናስትሮ ተለጥፎለት መሳል አለበት።

ስለት የሚዶለዱምበት ምክንያት

ጸጉር ከምላጭ ብረት 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ቢሆንም ስለትን ያበላሻል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ምክንያቱን አሳይቷል። የተመረመሩት ተጠቅመው የሚጥሏቸው ምላጮች ነበሩ። በጥናቱ መሠረት ስለቱን የሚጎዳው ቀስ በቀስ መበላት ብቻ አይደለም፤ ጸጉሩ በሰያፍ ሲገጥመው፣ የብረቱ ውስጣዊ አወቃቀር ወጥ ባልሆነበት ቦታ የስለቱ ጫፍ ይሸረፋል። ሌላው የስለት ጠላት ዝገት ነው። የስለቱ ጫፍ እጅግ ስስ በመሆኑ በዓይን የማይታይ ዝገት እንኳ ያደነዝዘዋል።

የድንጋይ ዓይነቶች

ምላጭን በድንጋይ መሳል ጥንታዊ ሙያ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በዘይት፣ በውሃና በጸጉር ቤቶች ደግሞ በምራቅ ስለሚሠራባቸው መሳያ ድንጋዮች ጽፏል።

ከተፈጥሮ ድንጋዮች እጅግ የታወቀው በቤልጅየም አርዴን ተራሮች፣ በቪየልሳልም አካባቢ የሚወጣው ቢጫው ኮቲኩል ነው። ብረቱን የሚፍቁት በውስጡ የታጨቁት ጥቃቅን የጋርኔት ማዕድን ቅንጣቶች ናቸው። ቢጫው ንብርብር ስስና በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በሌላ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይሸጣል። ጀርመን ውስጥ የቱሪንጊያ ድንጋይ፣ ጃፓን ውስጥ በኪዮቶ ዙሪያ የሚወጡ ድንጋዮች፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በተለምዶ በዘይት የሚሠራበት የአርካንሳስ ድንጋይ ለዚሁ ሥራ ዝነኞች ናቸው።

ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው የፋብሪካ ድንጋዮች ናቸው። ልስላሴያቸው በቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቅንጣቱ ይደቅቃል። 1000 ቁጥር ሻካራው ነው፤ ከ4000 እስከ 5000 ያለው መካከለኛ፣ 8000 ለመላጨት የሚያበቃ፣ 12000 ደግሞ የማጠናቀቂያ ነው።

በድንጋይ መሳል

ሥራው የሚጀምረው ድንጋዩን ለጥ በማድረግ ነው። በድንጋዩ ላይ በእርሳስ መስመሮች ይሰመሩና ገጹ በአልማዝ ሰሌዳ ወይም መስታወት ላይ በተዘረጋ ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ መስመሮቹ ሁሉ ሲጠፉ ገጹ ተስተካክሏል ማለት ነው። ጎርበጥባጣ ድንጋይ የስለቱን አንዱን ክፍል በልቶ ሌላውን ይተወዋል።

ከዚያ ምላጩ ጀርባውና ስለቱ ድንጋዩን እንደነኩ ተጋድሞ፣ ስለቱ እየቀደመ ይገፋል። ዳር ሲደርስ በጀርባው ላይ ይገለበጥና ስለቱ አሁንም እየቀደመ ይመለሳል። ስለቱ ብዙውን ጊዜ ከድንጋዩ ወርድ ስለሚረዝም፣ ምላጩ ሲገፋ ጎን ለጎንም በሰያፍ እየተሳበ ስለቱ በእጀታው በኩል ካለው ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በሙሉ ድንጋዩን እንዲያገኝ ይደረጋል።

ወሳኙ ደረጃ የ1000 ቁጥሩ ነው። የስለቱ ሁለት ጎኖች ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር መገናኘት ያለባቸው እዚህ ላይ ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ በጫፉ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ከታየ ጎኖቹ ገና አልተገናኙም። ቀጣዮቹ ድንጋዮች የቀዳሚውን ጭረት በደቀቀ ጭረት ይተካሉ እንጂ እዚህ ላይ የታለፈውን ጉድለት አያርሙም። በየደረጃው የእጅ ጫና መቀነስ አለበት፤ በመጨረሻው ድንጋይ ላይ የምላጩ ክብደት ብቻ ይበቃል።

በቆዳ ማቃናት

መሳያ ቆዳ ብዙውን ጊዜ ሁለት ንብርብር አለው፤ አንዱ ከተልባ እግር ወይም ከጥጥ የተሠራ ጨርቅ፣ ሌላው የከብት ወይም የፈረስ ቆዳ። አንዱ ጫፍ መንጠቆ ላይ ይሰቀላል፣ ሌላው በእጅ ይወጠራል። በእንጨት ላይ የተለጠፈ ዓይነትም አለ፤ እሱ ስለማይረግብ ለጀማሪ ይቀላል።

እዚህ ላይ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ የሚቀድመው ጀርባው ሲሆን ስለቱ ይከተላል። ስለቱ ከቀደመ ቆዳውን ይቆርጠዋል። ዳር ሲደረስ ምላጩ የሚዞረው ጀርባው ከቆዳው ሳይነሳ ነው። የተለመደው በጨርቁ ላይ ከ20 እስከ 30፣ በቆዳው ላይ ከ50 እስከ 60 ምልልስ ነው። ቆዳው ከረገበ ወይም ጀርባው ከተነሳ የስለቱ ጫፍ ይድቦለቦላል፤ በድንጋይ የተለፋበት ሥራ በጥቂት ምልልስ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ፍጥነት የሚመጣው እጅ ከለመደ በኋላ ነው።

ክሮሚየም ኦክሳይድ ወይም ደቃቅ የአልማዝ ዱቄት የተቀባ ቆዳ ደግሞ በድንጋይና በቆዳ መካከል ያለ መሣሪያ ነው፤ ብረቱን በጥቂቱ ይፍቃል። መዳከም የጀመረን ስለት ያነቃቃል፣ ሲደጋገም ግን ጫፉን ያድቦለቡላል። እንዲህ የተቀባ ቆዳ ለዕለት ተዕለት ሥራ ስለማይሆን ለብቻው ይቀመጣል።

መፈተንና ማስቀመጥ

የታወቀው መፈተኛ አንድ የራስ ጸጉር ይዞ ስለቱን ማስነካት ነው፤ በደንብ የተሳለ ምላጭ ጸጉሩን ሳይጎትት ይቆርጠዋል። ውጤቱ እንደ ጸጉሩ ውፍረት ስለሚለያይ የመጨረሻው ዳኛ መላጨቱ ራሱ ነው። የሚጎትት ወይም ፊትን የሚያቃጥል ምላጭ በቅድሚያ ወደ ቆዳው ይመለሳል፤ ካልተሻለው ወደ ማጠናቀቂያው ድንጋይ። ወደ 1000 ቁጥር የሚመለሰው ስለቱ በዓይን እስኪታይ ሲሸረፍ ወይም ጫፉ ፈጽሞ ሲድቦለቦል ነው።

ከመላጨት በኋላ ምላጩ ታጥቦ ይደርቃል፤ ብዙ ጊዜ ሳይነካ የሚቆይ ከሆነ ስስ ዘይት ይቀባል። ቀድሞ ለየቀኑ አንድ፣ በድምሩ ሰባት ምላጭ የያዙ ሳጥኖችም ይሸጡ ነበር።

ከዕለት መሣሪያነት ወደ ልዩ ሙያ

የእንግሊዟ ሼፊልድ እና የጀርመኗ ዞሊንገን በታጣፊ ምላጭ ሥራ ዓለም አቀፍ ዝና አትርፈዋል። ኪንግ ካምፕ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 የአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ ስለቱ ተለዋጭ የሆነ መላጫ ግን መሳልን ከቤት አስወጣው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አዲሱ መላጫ ለአሜሪካ ወታደሮች መታደሉ ለውጡን አፋጠነ።

በጸጉር ቤት ለውጡ ከጤናም ጋር የተያያዘ ነው። ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ ደም በነካው ስለት ሊተላለፉ ስለሚችሉ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ምላጭን በጋራ አለመጠቀም የጤና ትምህርት አካል ሆኗል። ብዙ ጸጉር አስተካካዮችም ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ስለት የሚገባበት እጀታ ይጠቀማሉ። መሳያ ቆዳ እንደ ብረት በሙቀት ሊጸዳ አይችልም። ስለዚህ በድንጋይና በቆዳ የሚጠበቅ ምላጭ ከነመሳያ ቆዳው የአንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት።