የመስታወቱ ክብደት

የፎቶግራፍ ጥበብ ታሪክ በሚወሳበት ጊዜ ዘወትር የሚነገረው ስለ ብርሃንና ስለ ዓይን ነው፤ ስለ ጫንቃና ስለ አጋሰስ የሚያነሳ ጥቂት ነው። ይሁንና በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ካሜራ ከከተማ ስቱዲዮ ወጥቶ ተራራ መውጣት፣ ሸለቆ መውረድ ሲጀምር፣ ባለሙያው ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ የነበረበት ጥያቄ «ምን ላንሳ?» የሚል ሳይሆን «ምን ያህል ይዤ መድረስ እችላለሁ?» የሚል ነበር። ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ የትኛው ምስል ለትውልድ እንደሚተርፍ፣ የትኛው ደግሞ ሳይነሳ እንደሚቀር ወስኗል።

ለመስክ የሚውለው ትልቅ ካሜራ አሠራሩ ቀላል ነው። ከፊት ሌንስ የተሰካበት ሰሌዳ፣ ከኋላ ምስሉ ተገልብጦ የሚታይበት ደብዛዛ መስታወት፣ በሁለቱ መካከል እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ጥቁር ከረጢት አለው። ባለሙያው ጨርቅ ተከናንቦ መስታወቱን ይመለከታል፤ የፊተኛውን ሰሌዳ ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግም ካሜራውን ሳያጋድል የገደሉን ጫፍ ወደ ምስሉ ያስገባል። የኋላው መስታወት ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ዛፉም ግንቡም አይዘምም። ትንሹ ካሜራም ሆነ ትልቁ በዚህ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው በመጠን ነው፤ መጠን ማለት ግን በመስክ ላይ ክብደት ማለት ነው።

ታዲያ ባለሙያው ስለ ምን ትልቁን ይመርጥ ነበር? በ1860ዎቹ ዓመታት* ነጋቲቭን አጉልቶ ማተም አዳጋችና ብዙም ያልተለመደ ስለ ነበር፣ የመስታወቱ ነጋቲቭ በወረቀት ላይ ተነጥፎ ለፀሐይ ይሰጥ ነበር። በመሆኑም ምስሉ ከነጋቲቩ መጠን አያልፍም፤ ትልቅ ምስል የሚሻ ሰው ትልቅ ካሜራ መሸከም ግድ ይለው ነበር። ይህ ብቻም አይደለም። መስታወቱ ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ ይለበጣል፤ በብር ጨው ውስጥ ይነከራል፤ እርጥበቱ ሳይደርቅ ምስሉ ተነሥቶ እዚያው መታጠብ አለበት። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን ብቻ ሳይሆን የጨለማ ድንኳኑን፣ የመድኃኒት ጠርሙሶቹንና ውኃውን ጭምር ይዞ መጓዝ ነበረበት።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ በሳን ፍራንሲስኮ ይሠራ የነበረው ካርልተን ዋትኪንስ ነው። ዋትኪንስ በ1861 ወደ ዮሰሚቲ ሸለቆ ሲዘምት 18 በ22 ኢንች የሆነ መስታወት የሚቀበል ካሜራ አሠርቶ ነበር። በዘመኑ «ሙሉ ሳህን» ይባል ከነበረው 6 ተኩል በ8 ተኩል ኢንች መስታወት ጋር ቢነጻጸር ስፋቱ ሰባት እጥፍ ያህል ነው፤ አንዱ መስታወት ብቻውን ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዋትኪንስ ይህን ሁሉ በበቅሎ አስጭኖ ገብቶ በ30 ያህል ትልልቅ መስታወቶች ተመለሰ። ምስሎቹ በ1862 ኒውዮርክ ላይ ለትርኢት ቀረቡ። የገደሉ ስንጥቅና የጥዱ ቅርፊት ሳይቀር ተለይቶ ስለሚታይ፣ ቦታውን ያላየ ሰው በፊቱ የቆመ ያህል ይሰማው ነበር። ሰኔ 30 ቀን 1864 ፕሬዚዳንት ሊንከን ሸለቆው ለሕዝብ መዝናኛ ተጠብቆ እንዲኖር የሚደነግገውን ሕግ ፈረሙ። ለሕጉ መውጣት ምክንያቱ ፎቶግራፍ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በምሥራቅ ይኖሩ ለነበሩት ሕግ አውጪዎች ሩቁን ምዕራብ ያቀረበላቸው ያ ከባድ መስታወት መሆኑ አይካድም።

ዋትኪንስ ትልቁን መረጠ፤ በቅሎዎቹም አደረሱለት። በቅሎ የማይደርስበት ስፍራስ? ዊልያም ሄንሪ ጃክሰን በ1873 በኮሎራዶ የሚገኘውንና በረዶው በድንጋይ ስንጥቅ ላይ መስቀል ሠርቶ የሚታይበትን ተራራ ለማንሳት ሲነሣ የገጠመው ይህ ነበር። ትይዩ ወዳለው ተራራ ጫፍ ለመውጣት አጋሰሶቹ ስላልቻሉ እርሱና ረዳቶቹ ካሜራውን፣ መድኃኒቱንና መስታወቱን በጀርባቸው ተሸከሙ። አመሻሽ ላይ ቢደርሱም ብርሃኑ ስላልመቻቸው ያለ መኝታ በብርድ አደሩ፤ በማግሥቱም በረዶው ለመስታወቱ ማጠቢያ የሚሆን ውኃ እስኪወጣው ድረስ ፀሐይን ጠበቁ። ያን ዕለት ጃክሰን ይዞት የወጣው ትልቁ ካሜራ 11 በ14 ኢንች ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ 20 በ24 ኢንች የሆነ ካሜራ ወደ ኮሎራዶ ተራሮች አስጭኖ ወጥቷል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ሰው ለሁልጊዜ የሚሆን አንድ ካሜራ እንዳልነበረው፣ ምርጫውም እንደ መንገዱ ይለዋወጥ እንደ ነበር ነው።

ይኸው ጥያቄ ወደ አገራችን ተራሮችም የመጣበት ጊዜ ነበር። የመጣው ግን ከጦር ጓዝ ጋር ነው። በ1860 ዓ.ም. በሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ ከመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረውት ነበሩ። ካሜራቸው የዋለው ምስል ለማንሳት ብቻ አልነበረም፤ የጦሩን ካርታና ንድፍ ለማባዛትም ነበር። በዚያው ሰሞን ከወዲያ በኩል አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደዚያው አምባ ይገሰግሱ ነበር። ሁለት ከባድ ዕቃዎች ከሁለት አቅጣጫ አንድ ተራራ ላይ ለመድረስ ደከሙ። መድፉ ሳይጠቅም ቀረ፤ ካሜራው ግን የድል አድራጊውን ጉዞ መዘገበ።

ከዚያ ዘመቻ የተረፉት ምስሎች የሚያሳዩት ይታወቃል፦ የሰንዓፌን ሰፈር፣ የመቅደላን አምባ፣ ከእስር የተፈቱትን አውሮፓውያን፣ ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁን። ፀንቶ መቆም የሚችል ሁሉ፣ ወይም እንዲቆም የታዘዘ ሁሉ፣ በመስታወቱ ላይ ቀረ። የአፄ ቴዎድሮስ ፎቶግራፍ ግን የለም። ከሞቱ በኋላ ፊታቸውን ያስቀረልን ከዘመቻው ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምዝ በእጁ የነደፈው ሥዕል ነው። ያ ሁሉ መስታወትና መድኃኒት ተጭኖ በመጣበት ዘመቻ፣ ብዙው ኢትዮጵያዊ ሊያየው የሚናፍቀው ፊት የተላለፈው በኪስ በምትያዝ መንደፊያ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ካሜራን የሚመርጠው የሚከፍለው ነው፤ ምን እንደሚነሳ የሚወስነውም እርሱ ነው፤ ጓዙን የሚያጓጉዘው ጭነኛ ግን በሁለቱም አይጠየቅም።

ከ1880ዎቹ ወዲህ በፋብሪካ የተዘጋጀው ደረቅ መስታወት ሲስፋፋ የጨለማው ድንኳን ከጓዙ ወጣ፤ ማጉሊያ መሣሪያም ሲሻሻል ትልቅ ምስል ለማተም ትልቅ ካሜራ ግዴታ መሆኑ ቀረ። ሆኖም ትልቁን የመስክ ካሜራ የተዉት ሁሉም አይደሉም። አንሰል አዳምስ በ1927 ሃፍ ዶም የተባለውን የዮሰሚቲ አለት ለማንሳት ሲወጣ በጀርባው የያዘው ያንኑ የጥንቱን 6 ተኩል በ8 ተኩል ኢንች መስታወት የሚቀበል ካሜራ ነበር። መስታወቶቹ 12 ብቻ ነበሩ፤ ከአለቱ ፊት ሲደርስ የቀሩት ሁለት ነበሩ። አንዱን በቢጫ ማጣሪያ አነሣ። ከዚያም ሰማዩ በሐሳቡ እንደሚታየው ጨለማ እንዲሆን ፈልጎ በመጨረሻው ላይ ጥቁር ቀይ ማጣሪያ ተጠቀመ፤ ስመ ጥር ያደረገውም ይኸው የመጨረሻው ሆነ። ሊሸከም የሚችለው ጥቂት በመሆኑ ከማንሳቱ በፊት ማሰብ ነበረበት። ክብደቱ ገደበው፤ ገደቡም አስተማረው።

እንግዲህ ለመስክ የሚሆን ካሜራ የሚመርጥ ሰው ከሌንሱ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ቢመዝን ይጠቀማል፦ ምስሉ ለምን አገልግሎት እንደሚውል፣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚያስኬድ፣ ሸክሙም በማን ጫንቃ እንደሚያርፍ። ጉድጓድና ገደል ባለበት አገር ቤት የቀረ ታላቅ ካሜራ ከስፍራው የደረሰችውን ታናሽ አያክልም። በሌላ በኩል ደግሞ ቅለትን ብቻ የሚፈልግ ሰው፣ ዋትኪንስ በሁለት ኪሎ መስታወት ያስቀረውን የጥድ ቅርፊት አያገኘውም።

የዋትኪንስ መጨረሻ ግን ሌላ ትምህርት አለው። በ1870ዎቹ አጋማሽ በዕዳ ምክንያት ስቱዲዮውንና ነጋቲቮቹን አጣ፤ ያን ሁሉ መከራ የከፈለባቸውን ምስሎች ሌላ ሰው በራሱ ስም ያትማቸው ጀመር። እንደገና ሠርቶ ያጠራቀመውንም በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ አወደመበት። በ1916 በአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ሞተ። ሸለቆው ግን እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል፤ የወረቀት ምስሎቹም በቤተ መዘክሮች ተቀምጠዋል። ባለሙያው ካሜራውን ሲመርጥ የሚመዝነው ወደ ተራራው የሚያወጣውን ሸክም ብቻ ነው፤ ይዞት የሚወርደው የሥራ ፍሬ የማን እንደሚሆን፣ በማንስ እጅ እንደሚጠበቅ ግን በዚያው ሚዛን አብሮ ሊመዘን ይገባው ነበር።

* «ዓ.ም.» ከተባለው በቀር ዘመናቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።